ከሕዋሳት ውጪ ያለው ውሃ

«ጉሉኮስ ተሰቀለለት» ሲባል ያልሰማ የአገራችን ሰው ጥቂት ነው። በላስቲኩ ውስጥ ያለው ግን ብዙ ጊዜ የጨው ውሃ ነው። ይህ ተራ ነገር አንድ ጊዜ ከሐኪሞች እጅ ገብቶ መልሶ ጠፍቶ እንደነበር ስንቶቻችን እናውቃለን?

70 ኪሎ የሚመዝን ጎልማሳ በሰውነቱ 42 ሊትር ያህል ውሃ ይሸከማል። ከዚህ 28ቱ ሊትር በሕዋሳት ውስጥ ሲኖር፣ 14ቱ ግን ከሕዋሳት ውጪ፣ በደም ሥርና በሕዋሳት መካከል የሚመላለስ ጨዋማ ፈሳሽ ነው። ሕዋሳት ምግባቸውን የሚቀበሉት፣ ቆሻሻቸውንም የሚያስወግዱት በዚሁ ነው። ኮሌራ በተቅማጥና በትውከት አሟጦ የሚወስደውም በተለይ ይህንኑ ፈሳሽ ነው።

በሽታው እ.ኤ.አ. በ1831 እንግሊዝ ሲገባ፣ የጊዜው ሐኪሞች ፈሳሽ ያለቀበትን ታማሚ ደም ሥሩን በጥተው ደሙን ያፈሱ ነበር። የ22 ዓመቱ ሐኪም ዊልያም ኦሾነሲ ግን ሰንደርላንድ ወደተባለችው ከተማ ሄዶ የታማሚዎችን ደም መረመረ፤ ውሃውና ጨዉ መጉደሉንም አረጋገጠ። የጎደለው ይተካ ሲልም ሐሳብ አቀረበ።

ሐሳቡን በሥራ ላይ ያዋለው በስኮትላንድ፣ በሊዝ ወደብ ይሠራ የነበረው ሐኪም ቶማስ ላታ ነው። በ1832 ሊሞቱ በተቃረቡ አንዲት አሮጊት ደም ሥር ውስጥ የጨው ውሃ ማስገባት ጀመረ። ሦስት ሊትር ያህል ሲገባ ድምፃቸው ጠነከረ፤ መቀለድም ጀመሩ። ላታ እጅግ ደክሞት ስለነበር ለሆስፒታሉ ሐኪም አደራ ሰጥቶ ሄደ። ተቅማጡና ትውከቱ ተመለሰ፤ ውሃው ግን አልተደገመም። አሮጊቷ ከአምስት ሰዓት ተኩል በኋላ ሞቱ።

ላታ ሕክምናው ቢደገም ኖሮ ይድኑ እንደነበር አልተጠራጠረም። ሌሎች ሐኪሞች ግን ዘዴውን የሞከሩት ተስፋ በተቆረጠባቸው ላይ ነበር፤ ውሃውም ከጀርም የጸዳ አልነበረም። ላታ በ1833 ሞተ፤ ዘዴውም ለዐሥርተ ዓመታት ተረሳ። ጉድለቱ እንግዲህ ከሐሳቡ አልነበረም፤ መቀጠል ሲገባው መቋረጡ እንጂ።

ይህ በጉልህ የታየው በሌላ ዘመንና በሌላ አገር ነው። በ1971 ከባንግላዴሽ ጦርነት የሸሹ ስደተኞች በሕንድ ቦንጋኦን በኮሌራ ሲያልቁ፣ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አልበቃ አለ። ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ ጨውና ጉሉኮስ በውሃ አስበጥብጦ፣ ዘመድ ታማሚውን በኩባያ እያጠጣ እንዲያስታምም አደረገ። ጉሉኮሱ ጨውንና ውሃን ከአንጀት ወደ ደም እንዲገቡ ያግዛል። ቀድሞ ከመቶው ታማሚ 30 ያህሉ ይሞት የነበረው ከ4 በታች ወረደ።

የሊዟ አሮጊት ያጡት ይህንኑ ነበር፤ ከአጠገባቸው ሳይጠፋ የወጣውን ያህል የሚተካ ሰው።