የልብን ትርታ በብርሃን መከታተል፦ የኦፕቲካል ፋይበር ሴንሰሮች አቅምና ወሰን

አኅጽሮተ ጽሑፍ

ይህ መጣጥፍ ቆዳ ሳይበሱና ኤሌክትሮድ ሳይለጥፉ የልብን ትርታ በኦፕቲካል ፋይበር መከታተል የሚቻልበትን መንገድ ይመረምራል። ዋና መከራከሪያው እነዚህ ሴንሰሮች የኤሌክትሮካርዲዮግራም (ኢሲጂ) ምትክ አይደሉም፤ ኢሲጂ የማያሳየውን የልብ ሜካኒካዊ ሥራ የሚመዘግቡ ናቸው፤ ሊመዘኑም የሚገባው በዚሁ ነው የሚል ነው።

መግቢያ

በእያንዳንዱ ትርታ መጀመሪያ የኤሌክትሪክ ምልክት በልብ ጡንቻ ውስጥ ይሠራጫል፤ ቀጥሎ ጡንቻው ተኮማትሮ ደም ይገፋል። ቪለም አይንቶቨን እ.ኤ.አ. በ1924 የኖቤል ሽልማት የተሸለመው የመጀመሪያውን ክስተት በኤሌክትሮካርዲዮግራም ለመመዝገብ በመቻሉ ነው። ሁለተኛውን ክስተት ደግሞ አሜሪካዊው ሐኪም አይዛክ ስታር በ1930ዎቹ መጨረሻ ላይ ሰውን በተንጠለጠለ አልጋ ላይ አስተኝቶ ለካው። ዘዴው ባሊስቶካርዲዮግራፊ ይባላል። የዛሬዎቹ የፋይበር ሴንሰሮች የዚህ ሁለተኛ መስመር ወራሾች ናቸው።

የአሠራር መሠረት

ዕረፍት ላይ ያለ ጎልማሳ ልብ በአንድ ትርታ 70 ሚሊ ሊትር ገደማ ደም ይረጫል። ደሙ ወደ ላይ ሲወረወር አካል በአጸፋው በጥቂቱ ወደ እግር በኩል ይገፋል። እንቅስቃሴው በዓይን ባይታይም እስከ ፍራሹ ይደርሳል።

ቀላሉ መሣሪያ ከፍራሽ ሥር የሚነጠፍ ስስ ምንጣፍ ነው። በውስጡ 125 ማይክሮሜትር ውፍረት ያለው የብርጭቆ ክር በሁለት መረቦች መካከል ተጠማዝዞ ይቀመጣል። አካል ሲጫነው መረቦቹ ክሩን በጥቃቅን ቦታዎች ያጎብጡታል፤ በጎበጠበት ሁሉ ጥቂት ብርሃን ያመልጣል። ስለዚህ ከክሩ ጫፍ የሚደርሰው ብርሃን ከትንፋሽና ከትርታ ጋር ከፍና ዝቅ ይላል።

ሁለተኛው ዘዴ ፋይበር ብራግ ግሬቲንግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ኬን ሂልና ባልደረቦቹ ካናዳ ውስጥ የደረሱበት ይህ ዘዴ ክሩ አንድን የሞገድ ርዝመት ብቻ መርጦ እንዲያንጸባርቅ ያደርጋል። በ1550 ናኖሜትር አካባቢ ክሩ ከርዝመቱ አንድ ሚሊዮንኛ ያህል ሲለጠጥ የሚንጸባረቀው ሞገድ 1.2 ፒኮሜትር ገደማ ይቀየራል። የ1 ዲግሪ ሴልሺየስ የሙቀት ለውጥ ግን 10 ፒኮሜትር ያህል ያንቀሳቅሰዋል። በዚህም ምክንያት ጫና የማይደርስበት ሌላ ግሬቲንግ ለሙቀት ማካካሻ ይጨመራል።

ትርታን ከትንፋሽ መለየት

ፈተናው ያለው ከክሩ ይልቅ በምልክቱ ትንተና ላይ ነው። ትንፋሽ ከትርታ እጅግ የጎላ እንቅስቃሴ ይፈጥራል። በደቂቃ 15 ጊዜ የሚተነፍስ ሰው ድግግሞሹ 0.25 ኸርዝ ነው፤ የዚህ አምስተኛ ብዜት 1.25 ኸርዝ ሲሆን በደቂቃ 75 ጊዜ ከሚመታ ልብ ጋር በትክክል ይገጥማል። ዝቅተኛውን ድግግሞሽ በማጣሪያ መቁረጥ ብቻውን በቂ የማይሆነው ለዚህ ነው። የሚሻለው የትንፋሽ ብዜቶች በሚደክሙበት ከፍ ያለ ክልል ውስጥ የትርታውን ቅርጽ፣ በተለይም ጄ የተባለውን ጉልህ ጫፍ፣ መፈለግ ነው።

ኤምአርአይ፦ ብርጭቆ የሚመረጥበት ስፍራ

በኤምአርአይ ክፍል ውስጥ የኢሲጂ ሽቦ ከሬዲዮ ሞገዱ የተነሳ ሊሞቅና ቆዳ ሊያቃጥል ይችላል። በመግነጢሳዊው መስክ ውስጥ የሚፈሰው ደምም ራሱ ቮልቴጅ ስለሚያመነጭ የኢሲጂውን ቅርጽ ያዛባል። የብርጭቆ ክር ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ከሁለቱም ችግሮች ነጻ ነው፤ ብርሃን የሚልከውና የሚያነበው መሣሪያም ከክፍሉ ውጭ ይቀመጣል። ሆኖም ጄ ጫፍ ከኢሲጂው አር ጫፍ በ200 ሚሊሰከንድ ገደማ ስለሚዘገይ የልብን ምስል ከትርታ ጋር አቀናጅቶ የሚያነሳ ባለሙያ ይህን ልዩነት ከስሌት ማስገባት አለበት።

ወሰኑ

ታካሚው በተገላበጠ ቁጥር ምልክቱ ይጠፋል። የልብ ጡንቻ ደም ሲያጥረው በኢሲጂ ላይ የሚታየውን የኤስቲ ለውጥ ፋይበር ሊያሳይ አይችልም። በአንጻሩ የኤሌክትሪክ ምልክቱ ቀጥሎ ልብ ደም መርጨት ያቆመበት ሁኔታ አለ፤ ያኔ ኢሲጂው ብቻውን ሊያሳስት ይችላል። ሁለቱ መለኪያዎች የሚደጋገፉት እዚህ ላይ ነው።

መደምደሚያ

በዘርፉ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ጸጥ ብለው በተኙ ጤነኛ በጎ ፈቃደኞች ላይ የተገኘን አማካይ የልብ ምት እንደ በቂ ማስረጃ ሊወስዱት አይገባም። አማካይ ቁጥር የጠፉና በስሕተት የተቆጠሩ ትርታዎችን ይሸፍናል። ምዘናው እያንዳንዱን ትርታ ከኢሲጂ ጋር ጎን ለጎን እያነጻጸረ፣ ምታቸው በተዛባ ሕሙማን ላይም መካሄድ ይኖርበታል። ቆዳው የተቃጠለ ታካሚም ሆነ ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን ከኤሌክትሮድ ማጣበቂያ ቢገላገል ትልቅ እፎይታ ነው፤ ነገር ግን እፎይታው የሚጠቅማቸው መሣሪያው ልባቸው ሲታወክ ጭምር እውነቱን የሚናገር ከሆነ ነው።