ቴፔያክ፦ ሁለት እምነቶች የተገናኙበት ኮረብታ

በሜክሲኮ ሲቲ ሰሜናዊ ክፍል የሚገኘው የቴፔያክ ኮረብታ በየዓመቱ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ምዕመናን የሚሳለሙት ሥፍራ ነው። ብዙዎቹ የሚመጡት ዲሴምበር 12 ለሚከበረው የጓዳሉፔ ማርያም በዓል ነው፤ የመጨረሻውን መንገድ በጉልበታቸው እየዳኹ የሚጨርሱም አሉ።

በካቶሊካውያን ትውፊት መሠረት፣ ስፔናውያን የአዝቴኮችን መዲና ከያዙ ከ10 ዓመት በኋላ፣ እአአ በ1531፣ ድንግል ማርያም ሁዋን ዲዬጎ ለተባለ የአገሬው ተወላጅ በዚህ ኮረብታ ተገልጣ በናዋትል ቋንቋ አነጋገረችው። ምስሏም በካባው ላይ ታተመ።

ኮረብታው ግን ቀድሞም የተቀደሰ ነበር። የ16ኛው ክፍለ ዘመን ፍራንቼስካዊ መነኩሴ በርናርዲኖ ደ ሳአጉን፣ ሕዝቡ በሥፍራው "ቶናንትዚን" ወይም "እናታችን" ለሚላት አምላክ መሥዋዕት ያቀርብ እንደነበር ጽፈዋል። ማርያምም በዚሁ ስም መጠራቷ፣ አሮጌው አምልኮ በአዲስ መልክ እንዳይቀጥል አስግቷቸው ነበር።

ክርክሩ ዛሬም አልተቋጨም። አንዳንድ ተመራማሪዎች ድል የተነሣ ሕዝብ እናቱን በአዲስ ስም እንዳቆያት ያምናሉ። ቤተ ክርስቲያን በበኩሏ ሁዋን ዲዬጎን በ2002 ቅዱስ ብላ ሰይማዋለች። ካባው በኮረብታው ግርጌ በሚገኘው ባዚሊካ ውስጥ ይታያል።