«አጀንዳ»፦ የአንድ የላቲን ቃል ሥርና የሰዋስው ጠባይ

በስብሰባ ቃለ ጉባኤ ዘወትር ከምናገኛቸው የውሰት ቃላት አንዱ «አጀንዳ» ነው። አንዳንድ ተርጓሚዎች ቃሉ በላቲን ብዙ ቁጥር ስለ ሆነ «አጀንዳዎች» ማለት በብዙ ላይ ብዙ መጨመር ነው ሲሉ ይከራከራሉ። ክርክሩ የመዝገበ ቃላት አዘጋጁን ስለሚመለከት፣ በዚህ አጭር ጽሑፍ ነገሩን ከሥሩ ለመመርመር እንሞክራለን።

የቃሉ መነሻ «አጌሬ» የሚለው የላቲን ግሥ ነው፤ ትርጉሙም መንዳት፣ ማድረግ፣ መፈጸም ማለት ነው። ከግሪኩ «አጎ» ጋር አንድ ሥር አለው። ከዚህ ግሥ ግዴታን ያዘለ ቅጽል ይወጣል፤ ለወንድ «አጌንዱስ»፣ ለሴት «አጌንዳ»፣ ለግዑዝ ጾታ «አጌንዱም» ይባላል። የግዑዙ ብዙ ቁጥርም «አጌንዳ» ሲሆን፣ ፍችው «ሊደረጉ የሚገባቸው ነገሮች» ነው። «ሪፈረንደም»ና «ሜሞራንደም» የዚሁ ዓይነት ቅጽል የነጠላ መልክ ናቸው።

ይሁን እንጂ የመነሻው ቁጥር ተቀባዩን ቋንቋ አያስገድድም። ዮሐንስ ሽሚት በ1889 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ይህ የግዑዝ ብዙ ቁጥር ምዕላድ ጥንት የጥቅል ስም ምልክት እንደ ነበረ አስረድቷል። «ቅጠሎች» የሚል ፍች የነበረው የላቲኑ «ፎሊያ»ም በጣሊያንኛ «ፎልያ»፣ በፈረንሳይኛ «ፈይ» ተብሎ የአንዲት ቅጠል ስም ሆኗል። በእኛም ዘንድ «ጽላት» በግዕዝ የ«ጽሌ» ብዙ ቁጥር ሲሆን፣ በአማርኛ ግን «አንድ ጽላት»፣ «ጽላቶች» እንላለን። እንግዲህ «አጀንዳዎች» የሚለው አነጋገር ስሕተት ሳይሆን የታወቀ የቋንቋ ጉዞ ውጤት ነው።

ተርጓሚውን ይበልጥ ሊያሳስበው የሚገባው ፍችው ነው። በፈረንሳይኛና በጣሊያንኛ «አጀንዳ» በተለይ የቀጠሮ ማስታወሻ ደብተርን ያመለክታል፤ የስብሰባው መነጋገሪያ ግን በሁለቱም ቋንቋዎች «የዕለቱ ሥርዓት» በሚል ሐረግ ይጠራል። በጀርመን ሉተራውያን ዘንድ «አጌንደ» የቅዳሴ ሥርዓት መጽሐፍ ነው። አማርኛ ደግሞ የስብሰባውን የጉዳዮች ዝርዝር፣ እያንዳንዱን ጉዳይና ቀን የታተመበትን ደብተር በአንድ ስም ይጠራል።

ስለዚህ መዝገበ ቃላቱ «አጀንዳ»ን በነጠላ ስምነት አስፍሮ፣ ሦስቱን ፍችዎች በተራ ቁጥር ለይቶ ቢያሳይ የተሻለ ነው እንላለን። ተርጓሚውም ፍችው በሚያሻማበት ቦታ «የመነጋገሪያ ነጥብ» ወይም «የማስታወሻ ደብተር» ብሎ ቢለይ፣ አንባቢው ከጥርጣሬ ይድናል።