ዕድሜ ወይስ ልምድ፦ የቨርጂኒያ የመንጃ ፈቃድ ሕግ እና ዘግይቶ መሪ የጨበጠው ለማጅ

እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ። አንድ የማውቀው አባት ከ16 ዓመት ልጁ ጎን ተቀምጦ መኪና ያለማምዳታል። ወደ ግራ ልትታጠፍ መስቀለኛው መንገድ ላይ ቆማ፣ ከፊት ለፊት የሚመጣውን መኪና ርቀት በዓይኗ ትመትራለች። «ሂጂ!» ይላታል፤ አፉን ሳይዘጋ «ቁሚ! ቁሚ!» እግሩ በእሱ በኩል የሌለ ፍሬን ይረግጣል። ቤት ሲገቡ ማቀዝቀዣው ላይ በማግኔት በተያዘችው ወረቀት ላይ «1 ሰዓት ከ10» ብሎ ይጽፋል። ሕጉ ከ18 ዓመት በታች ያለ ለማጅ 45 ሰዓት እንዲነዳ፣ ከዚህም 15ቱ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ እንዲሆን ያዛል፤ መሙላቱን በፊርማው የሚያረጋግጠው ወላጅ ነው። አባትየው ግን ራሱ መንዳት የጀመረው አሜሪካ ከገባ በኋላ፣ አርባን አልፎ ነው። የእሱን ሰዓት የቆጠረለት የለም።

ክርክሬ የሚነሳው ከዚህች ወረቀት ነው። መንጃ ፈቃድ ደረጃ በደረጃ የሚሰጠው ለማጁን ለመጠበቅ ነው ቢባልም፣ በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች በተግባር የሚጠበቀው ልጁ ብቻ ነው። ልጅነትና ለማጅነት ብዙ ጊዜ አብረው ስለሚገኙ ልዩነቱ አይታይም። ስደተኛ በበዛበት ሰፈር ግን ፈጦ ይወጣል።

የደረጃ ፈቃድ አሠራርን እ.ኤ.አ. በ1987 በተሟላ መልኩ የጀመረችው ኒውዚላንድ ናት። የካናዳዋ ኦንታሪዮ በ1994፣ ፍሎሪዳ ደግሞ ከአሜሪካ ግዛቶች ቀድማ በ1996 ተከተሉ። ከጀርባው ያለው ሐሳብ ትምህርት ብቻውን አይበቃም የሚል ነው፤ ይህም ከብዙ ተስፋ መቁረጥ በኋላ የተደረሰበት ነው። በጆርጂያ ግዛት ዲካልብ አውራጃ፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ ወደ 16,000 የሚጠጉ ተማሪዎችን ያሳተፈ ሰፊ ሙከራ ተደርጎ፣ በጥንቃቄ የተዘጋጀው የመንዳት ትምህርት በአደጋ ላይ ያመጣው ዘላቂ ለውጥ ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። የኖርዌዩ ይብሳል። መኪና ሲንሸራተት እንዴት እንደሚያዝ ለጀማሪዎች በግዴታ ማስተማር ሲጀመር፣ የወጣት ወንዶች የመንሸራተት አደጋ ጨመረ። ልጆቹ ከችሎታው ይልቅ ድፍረቱን ይዘው ወጡ ማለት ነው።

ለማጅ የሚጎድለው መሪና ፍሬን አይደለም፤ እነዚህንማ በሳምንታት ይለምዳቸዋል። የሚጎድለው እይታ ነው። ሞራንት እና ሮክዌል በ1972 ባሳተሙት ጥናት የጀማሪዎችን የዓይን እንቅስቃሴ ሲከታተሉ፣ የሚያዩት ልምድ ካለው ሾፌር ይልቅ ወደ መኪናው አፍንጫ የቀረበ ሆኖ አገኙት፤ ስፖኪዮም የሚመለከቱት አልፎ አልፎ ነው። እይታ ደግሞ የሚሰፋው በመንዳት ነው። እዚህ ላይ ችግር አለ፤ ልምድ የሚገኘው አደጋ ካለበት መንገድ ላይ ነው። የደረጃ ፈቃድ ጥበብ ይህን ቋጠሮ መፍታት ሳይሆን ማላላት ነው፦ ለማጁ ይንዳ፣ ግን በቀን ይንዳ፣ ብቻውን ወይም ከትልቅ ሰው ጋር ይንዳ። የሊ ሁይ ቼን እና የሌሎች ተመራማሪዎች ጥናት በ2000 እንዳሳየው፣ የ16 እና የ17 ዓመት ሾፌሮች የመሞት ዕድል በተሳፋሪ ብዛት ልክ ይጨምራል።

የቨርጂኒያ ሕግ ይህን በጥብቅ ተከትሏል። ልጅቱ የልምምድ ፈቃዷን ቢያንስ 9 ወር መያዝ አለባት። ፈቃዱን ካገኘች በኋላም፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት መንዳት አትችልም። በመጀመሪያው ዓመት ከቤተሰቧ ውጭ ከ21 ዓመት በታች ከሆነ ሰው ከአንድ በላይ አታሳፍርም። ፈተናውን ስታልፍ የሚሰጣት የ180 ቀን ጊዜያዊ ወረቀት ነው፤ ዋናውን የምትቀበለው ወላጇ አጠገቧ ቆሞ ፍርድ ቤት ዳኛ ፊት ነው። (ፍርድ ቤት ተጠራችሁ ሲባል መጀመሪያ የደነገጡ የሐበሻ ወላጆች ጥቂት አይደሉም።)

ዕድሜው 18 የሞላውስ? ወይ የልምምድ ፈቃዱን ለ60 ቀን መያዝ፣ ወይ ኮርስ መውሰድ፤ ከዚያ ፈተና። የሌሊት ገደብ የለም፣ የተሳፋሪ ገደብ የለም፣ የሰዓት ወረቀት የለም። 60 ቀን ደግሞ መኪና ውስጥ ሳይገቡም ያልፋል።

ትልቅ ሰው በዕድሜው ይበስላል የሚለው መልስ ከንቱ አይደለም፤ የዕድሜም ድርሻ እውነት ነው። ሆኖም ማስተን፣ ፎስ እና ማርሻል በ2011 ያሳተሙት አገር አቀፍ ጥናት ያሳስበኛል። ጠንካራ የደረጃ ሕግ ባለባቸው ግዛቶች የ16 ዓመት ሾፌሮች ገዳይ አደጋ በ26 በመቶ ያነሰ ሲሆን፣ የ18 ዓመቶቹ ግን በ12 በመቶ የበለጠ ነበር። ምክንያቱ አንድ ብቻ ላይሆን ይችላል። ከሚቀርቡት ማብራሪያዎች አንዱ ግን ወጣቶች ገደቡን ለመዝለል 18 እስኪሞላቸው ይጠብቃሉ የሚል ነው። ሕጉ ዕድሜን ከጠየቀ ሰው ዕድሜውን ይዞ ይመጣል። በእኛ አገር የጭነት መኪና ረዳት ጎማ ሲፈታና መስታወት ሲወለውል ዓመታት ከርሞ ነበር መሪ የሚነካው፤ ወግ አጥባቂ አልባልና ያ ሥርዓት ቢያንስ የሚቆጥረውን ያውቅ ነበር።

ታዲያ የልጁን ገደብ እንዳለ አባት ላይ ይጫን አልልም። በሌሊት ታክሲ ነድቶ ወይም ምግብ አድርሶ ቤት የሚያስተዳድር ሰው ላይ የሰዓት እላፊ ማወጅ እንጀራውን መንጠቅ ነው። ኦንታሪዮ የሄደችበት መንገድ ይሻላል። እዚያ ማንኛውም አዲስ ሾፌር፣ የ50 ዓመት ሰውም ቢሆን፣ በሁለቱ የጀማሪ ደረጃዎች ያልፋል፤ በሁለተኛው ደረጃ ላይ የሌሊት ተሳፋሪ ገደቡ የሚነካው ግን 19 ዓመትና ከዚያ በታች ያሉትን ነው። ልምድ ከሁሉም ይጠየቃል፣ ገደብ በዕድሜ ይለያል።

ቨርጂኒያ ወደዚህ ለመጠጋት ብዙ አይቀራትም። በሰሜኑ ክፍሏ የመንዳት ትምህርት የሚወስድ ልጅ ከወላጁ ጋር የሚቀመጥበት የ90 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ በሕግ አለ። ወላጁ አሁን የሚመጣው ስለ ልጁ ሊሰማ ነው። እዚያው ክፍል ውስጥ «እርስዎስ መንዳት ከጀመሩ ስንት ጊዜዎ ነው?» ተብሎ ቢጠየቅና፣ ለ18 ዓመትና ከዚያ በላይ አመልካቾችም በ60 ቀኑ ፋንታ ያችው የሰዓት ወረቀት ብትሰጥ፣ አዲስ ቢሮም አዲስ ፈተናም አያስፈልግም።