አንገት ላይ የተሰጠ ጨረርና ዘግይቶ የሚመጣው ሕመም

በችግር ላይ ችግር ሲደረብ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» እንላለን። ለካንሰር ብለው አንገታቸው ላይ ጨረር የወሰዱ ሰዎች ታሪክ ግን ትንሽ ይለያል፤ ሁለተኛው ሕመም ብቅ የሚለው የመጀመሪያው ከዳነ ከዓመታት በኋላ ሊሆን ይችላል።

ሆጅኪን የሚባለው የንፍፊት ካንሰር ብዙ ወጣቶችን የሚይዝ፣ ቀድሞ አይድንም ይባል የነበረ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 ቬራ ፒተርስ የተባሉ የካናዳ ሴት ሐኪም በቶሮንቶ የታካሚዎችን መዝገብ መርምረው፣ በሽታው ሳይስፋፋ በጨረር የታከሙ ብዙዎች ለረጅም ዓመታት እንደኖሩ አሳዩ። በአሜሪካም ዶክተር ሄንሪ ካፕላን በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምናውን በተሻለ መሣሪያ አስፋፉት። የብዙ ሰው ሕይወት ተረፈ።

ነገር ግን ንፍፊቱን የሚመታው ጨረር ከአንገት ፊት ለፊት ያለችውን የታይሮይድ ዕጢም ያገኛታል። ይህች ዕጢ ሰውነታችን ኃይል የሚጠቀምበትን ፍጥነት የሚቆጣጠር ሆርሞን ታመርታለች። ጉዳቱ ቀስ በቀስ ስለሚመጣ ስፋቱን ለማወቅ ዓመታት ወስዷል። እ.ኤ.አ. በ1991 የስታንፎርድ ሐኪሞች ከ1961 እስከ 1989 የታከሙ 1,787 ሰዎችን መዝገብ አጥንተው፣ ጨረር ከወሰዱት ግማሽ ያህሉ በ20 ዓመት ውስጥ የታይሮይድ ችግር እንደሚገጥማቸው አሰሉ። በብዛት የታየው የዕጢዋ መድከም ነው፤ እብጠትና ካንሰርም ተገኝቷል።

የሂሳብ ሠራተኛ ነኝና አንድ ነገር ልብ አልኩ፤ መድኃኒቱንም ጉዳቱንም ያሳወቀው በጥንቃቄ የተያዘ መዝገብ ነው።

ድካም፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ያለ ምክንያት መወፈር፣ የፀጉር መሳሳትና የሆድ ድርቀት ሲመጣ ብዙዎቻችን «ዕድሜ ነው፣ ሐሳብ ነው» ብለን እናልፋለን። ቲኤስኤች የሚባለው የደም ምርመራ ግን ምልክቱ ሳይታይም ችግሩን ያሳያል። አንገቷ ላይ ጨረር የወሰደች ሴት በየዓመቱ ብትመረመር መልካም ነው። ዕጢዋ ከደከመች ሌቮታይሮክሲን የተባለውን ኪኒን ሐኪም በሚያዝላት መጠን በየቀኑ በባዶ ሆድ ትወስዳለች። አንገት ላይ እብጠት ከታየም ቶሎ ሐኪም ይየው።

በአገራችን ለብዙ ዓመታት የጨረር ሕክምና የሚሰጠው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ስለነበር፣ ታካሚዎች ከየክፍለ ሀገሩ መጥተው ይመለሱ ነበር። አሁን የሚያክማቸው የአካባቢያቸው ጤና ጣቢያ ያንን ታሪክ ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ እኅቶቼ፣ ጨረሩ የት፣ መቼና ምን ያህል እንደተሰጠ የሚገልጸውን ወረቀት ጠይቃችሁ ውሰዱ፤ ከቁጠባ ደብተራችሁ ጋር አስቀምጡት። ማኅበራችንን የምትደግፉ ወዳጆቻችንም፣ ለአንዲት አባል የዚህን የደም ምርመራና የመጓጓዣ ወጪ መሸፈን ለዓመታት ሳይታወቅ ከሚቆይ ሕመም ያድናታል።