የቀላል አውሮፕላን ሞተር ብልሽት አፈላለግ በከፋ አየር

ማንኪራን በመሰለ እርጥብ የከፋ ደን ላይ የሚበር ባለ ፒስተን ሞተር ሲንገራገጭ፣ ከሞተሩ በፊት መጠርጠር ያለበት አየሩ ነው። የከፋዋ ከተማ ቦንጋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው 15 በመቶ ያህል ይሳሳል። የቤንዚኑ መጠን ካልተቀነሰ ካንዴላው ጥቀርሻና የሊድ ዝቃጭ ይይዛል፤ በማግኔቶ ፍተሻም ዙሩ ከልክ በላይ ይወርዳል። መካኒኩ ማግኔቶውን ከመፍታቱ በፊት የቤንዚንና የአየር ድብልቁን አሳስቶ ሞተሩን ጥቂት ማሠራትና ፍተሻውን መድገም አለበት፤ ዙሩ ከተስተካከለ ጥፋቱ የማግኔቶው አልነበረም።

ሌላው ተጠርጣሪ የካርቡራተር በረዶ ነው። ቡና በሚያበቅል አገር በረዶ ከየት ይመጣል የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ነገር ግን ቤንዚን ሲተንና አየር በጠባቡ ጉሮሮ ሲያልፍ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ በላይ ሊወርድ ይችላል፤ እርጥበት ካለ፣ ውጭው ሞቅ ያለ ቢሆንም ጉሮሮው በበረዶ ይጠብባል። አውሮፕላኑ ካረፈ በኋላ ግን በረዶው ይቀልጣል፤ መካኒኩ ምንም የማያገኘውም ለዚህ ነው። ስለዚህ አብራሪው የካርቡራተር ማሞቂያውን ሲከፍት ሞተሩ መጀመሪያ ተንገራግጮ ቀጥሎ ዙሩ ከፍ ማለቱን መመዝገቡ ከማንኛውም መፍቻ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. ከ1996 ወዲህ የተሠሩት ሴስና 172ዎች ካርቡራተር የላቸውምና ከዚህኛው በረዶ ነጻ ናቸው፤ ድብልቅ ማሳሳቱ ግን ለቤንዚን ሞተሮቻቸውም አይቀርም።