አፈር በአዋጅ አያገግምም

ከኬሚካል ማዳበሪያ አፈርን መልሶ ወደሚያለማ እርሻ የመሸጋገሩን ጥያቄ በታሪክ ዓይን ልመለከተው እወዳለሁ። የናይትሮጅን ማዳበሪያ ከማሳ የሚያስወጣው ናይትረስ ኦክሳይድ፣ በ100 ዓመት ስሌት፣ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 270 እጥፍ ገደማ ሙቀት ያምቃል። ስለዚህ በሽግግሩ አስፈላጊነት አልከራከርም፤ የምጠይቀው ዕዳውን ማን ይሸከማል ብዬ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ድጋፍ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭር ስሙ ካዱ፣ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር አቀረበ። ምርት አደገ፤ ትርፉን ያዩ ባለርስቶች ግን ትራክተር አስገብተው ብዙ ጭሰኞችን አፈናቀሉ።

እ.ኤ.አ. በ1996 በዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር አነሳሽነት በትግራይ የተጀመረው የኮምፖስት ሥራ ሌላ መንገድ ያዘ፤ ገበሬዎች በየማሳቸው ሞክረው፣ ውጤቱን አይተው አስፋፉት። ስሪ ላንካ በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2021 የኬሚካል ማዳበሪያ ከውጭ እንዳይገባ በድንገት አገደች፤ እገዳው በወራት ውስጥ ቢነሣም የሩዝ ምርቷ ክፉኛ አሽቆለቆለ።

የብስባሽ ጥቅም የሚታየው በዓመታት ውስጥ ነው። ገበሬውም ፍጉን ለማሳው የሚያውለው መሬቱ ነገም ከእጁ እንደማይወጣ ሲያምን፣ ለመሞከርም ጊዜ ሲያገኝ ነው። የአየር ንብረት ፖሊሲያችን ከዚህ ቢነሣ ከታሪክ ተምረናል ማለት እንችላለን።